አልዞር ያለችው የከማለዲን መኪና

ግቢ ዳሲቱዬ፣ በሩ ክፍት ነው። ደረጃው አደከመሽ አይደል? እኔም ሱቅ ውዬ ስመለስ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሳልቆም አልወጣውም። ነይ እዚህ ጎኔ ተቀመጪ። ሃዊ እንዴት ናት? በሰላም ተገላገለች? አልሐምዱሊላህ። ወንድ ነው አሉኝ... አላህ ያሳድግላችሁ። አንቺም ቢሾፍቱ ተስማምቶሻል፣ ፊትሽ ወዝ አውጥቷል። እዚህ እንደተውሽው ነው፤ ውሃ ሲላት ትመጣለች፣ ሲላት ትጠፋለች፣ ኮሚቴው ይሰበሰባል፣ ይበተናል። ሻይ ልቅዳልሽ። ቅርንፉድ ጣል አድርጌበታለሁ።

እዚያ ሶፋው ላይ ያሉትን ታውቂያቸዋለሽ አይደል? የከማለዲን ታላቅ ወንድም ናቸው። ጋሼ፣ ይቺ ዳሲቱ ናት፣ የአጠገባችን ጎረቤት። ልጇን ስታርስ ከርማ መምጣቷ ነው። አይ፣ አይነሱ ጋሼ፣ ስልክዎን ይመልከቱ። እኛ የሴት ወሬ ነው የምናወራው፣ እርስዎን አይመለከትም።

ምን አልሽኝ? መኪናዋ? አይ ዳሲቱ... አንቺ በሌለሽበት ያልሆነ ነገር የለም። ትንሽ ይረዝማል። ሻይሽን እየጠጣሽ ስሚኝ።

ከማለዲን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ለዚያች አሮጌ ፎር ዊል እንዴት ይሳሳ እንደነበር ታውቂያለሽ። ከኮምቦልቻ ጀምሮ ያልነዳባት መንገድ የለም። ልጃችንን ኢሽራቅን መንዳት ያስተማራት በሷ ነው፣ ከብሎኩ ጀርባ ባለው ጠጠር ሜዳ። እሱ ሲያልፍ ልጅቷ እንባዋን ጠርጋ መሪውን ያዘች። ጠዋት የሰፈሩን ልጆች ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ቀን ደግሞ ማረሚያ ቤቱ አጠገብ ላለችው ሱቄ ዕቃ ታመጣልኛለች። ቤታችን የቆመው በሷና በመኪናዋ ነው።

እንግዲህ አንድ ዘመድ አለን። ስማቸውን አልጠራም። ሰው በሌለበት ስሙን ማንሳት ሐሜት ነው፣ ባለበት ማንሳት ደግሞ ድፍረት ይሆናል... ስለዚህ ዝም ብዬ ትልቁ ሰው ልበላቸው። ደግሞም ትልቅ ናቸው። ከማለዲን በተቀበረ ማግስት፣ እኛ ገና ዓይናችን ሳይደርቅ፣ እሳቸው የመኪናዋ ጎማ አዲስ መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ ነበር። እኛ ስለ ሟች ስናለቅስ ስለ ንብረቱ የሚጨነቅ ሰው ያስፈልጋል፤ አይደለም እንዴ? ሁሉም ቢያለቅስ ማን ያስባል?

ክረምት ላይ መጡና፣ «ገጠር ለቅሶ አለብኝ፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ መኪናዋን ስጡኝ» አሉ። የሟች ደም ናቸው፣ እንዴት እንከለክላለን? ሰጠናቸው። ስትመለስ ታጥባ መጣች። ከሥር ሳይቀር ታጥባ... ዳሲቱ፣ የራሳቸውን ደጃፍ ሲያስጠርጉ አይተናቸው የማናውቅ ሰው፣ የሰው መኪና አጥበው ሲያመጡ ምን ትያለሽ? እኔማ ልቤ ተነካ። «አላህ ያክብርልኝ» ብዬ ሸኘኋቸው። መኪናዋ ብቻ የታጠበች መስሎኝ ነበር። እኛም አብረን መታጠባችንን በምን ልወቅ?

በማግስቱ ኢሽራቅ ልጆቹን ጭና ከግቢው በር ስትታጠፍ መሪው ከበዳት። ቀጥ ብላ ስትሄድ መኪናዋ ምንም አትልም። ቀስ ብለሽ ለመታጠፍ ስትሞክሪ ግን ከኋላ ሰው የያዘሽ ይመስል ትንገጫገጫለች፣ ጎማዋ ደረቁ አስፋልት ላይ ሲጢጥ ይላል፣ ከሥር ደግሞ ግው የሚል ድምፅ አለ። ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ላይማ ትንሹ ልጅ አለቀሰ። ዘዋሪዎቹ ከኋላ ክላክስ ያወርዱባታል።

ማንን ታማክር? ትልቁ ሰው ቅርብ ናቸው፣ ደግሞም መኪና አውቃለሁ ይላሉ። ደወለችላቸው። ወላሂ ዳሲቱ፣ ስልኩን ዘግታ ሻይ ሳታፈላ ደረሱ። ለካ ሰው የሚጠብቀው ጥሪ ሲሆን መንገዱ አይዘጋበትም...

ምርመራቸውን ብታዪ ትገረሚ ነበር። ኮፋኖ አልከፈቱም። ከሥር አላዩም። አንድ ጊዜ ነድተው እንኳ አልሞከሯትም። ጎማዋን በጫማቸው ጫፍ ነካ አደረጉና፣ «ካምቢዮዋ አልቋል። ዲፈረንሻሉም ተበልቷል» አሉ። በቃ። ሐኪም እንኳ ምላስህን አውጣ ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ ያኔ የእውቀት ብዛት ነው ብዬ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን... ሰው በእጁ ያስቀመጠውን ዕቃ ለማግኘት ምን ፍለጋ ያስፈልገዋል?

ጋሼ፣ ሻይዎ ቀዘቀዘ መሰለኝ። ልቀይርልዎ? ስኳር ልጨምርበት? እንደሚመርዎ አላውቅም ነበር።

እና ምን ልልሽ ነበር... አዎ፣ ዘመድ ሰበሰቡ። እዚችው ክፍል ውስጥ ነው፣ ትልቁ ሰውም እዚያው ሶፋ ላይ፣ እዚያው ጥግ ላይ ነበር የተቀመጡት። ቦታውን ይወዱታል። «የወንድሜን መኪና የሴት ልጅ እግር ጨረሳት» አሉ። «ፍሪሲዮን የማትለይ ልጅ ማርሹን እየገጨች በላችው። እኔ ቀድሞም ፈርቼ ነበር» አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። መሐረብ ሁሉ አወጡ። ዓይናቸው ደረቅ ስለነበር ግንባራቸውን ጠረጉበት። ከዚያ ቀጠሉና፣ «ላስጠግናት ብትሉ ትከስራላችሁ። እኔ ልውሰዳት። ደጄ ላይ አቆማታለሁ፣ የወንድሜ ማስታወሻ ትሁነኝ» አሉ። ዘመዱ ሁሉ አመሰገናቸው። አንድ አክስታችን፣ «ወንድም ማለት እንዲህ ነው» ብላ አለቀሰች። እኔም ስለ መኪና ምን አውቃለሁ? እሺ አልኩ። ከማለዲን ይህን ፍቅር ቢያይ ከመቃብሩ ቀና ይል ነበር። ቀና ብሎ ምን እንደሚያደርግ ግን አላውቅም...

ኢሽራቅ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ክፍሏ ገባች። ልጆቹን ለሚኒባስ ሾፌር አስረከበች። እኔ ሱቅ ውስጥ ለእስረኛ ጠያቂዎች ሳሙናና ብስኩት ስትሸጥልኝ ትውላለች። መኪናዋ እሳቸው እስኪወስዷት የቆመችው በኛ ደረጃ በኩል ነው፤ ልጄ በዚያ በኩል መውረድ ተወች። ዞራ በወዲያኛው ደረጃ ትወርዳለች፣ እንዳታያት። አንድ ቀን ዕቃ እየቆጠረች ሳለ፣ «እማ፣ አባዬ ስንት ዓመት የያዛትን እኔ ስንት ወር ሳልይዝ ገደልኳት?» አለችኝ። ዳሲቱ፣ ብረት ቢሰበር ብረት ነው። ልጅ አባቷ አምኖ የሰጣትን ነገር በገዛ እግሬ ገደልኩ ብላ ስታምን ግን... ተይው። በዚህ ላይ መቀለድ አልችልም።

ትልቁ ሰው ግን ያጽናኗት ነበር፣ ውሸት አልናገርም። በመጡ ቁጥር ትከሻዋን መታ መታ እያደረጉ፣ «አይዞሽ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ መኪና የወንድ ነገር ነው» ይሏታል። አየሽ ርኅራኄ? የቆሰለን ሰው እየመጡ ቁስሉን ማየት ለሁሉም አይሰጥም።

ታዲያ አንድ ቀን የውሃ ቦቴ መጣና ኮሚቴው መኪናችሁን አንሱ አለን። ሌላ የሚያነሳት ስለሌለ ኢሽራቅ ፊቷን አጥቁራ ወረደች። ወደ ጀርባው ጠጠር ሜዳ ወሰደቻት። እዚያ ዞር ስታደርጋት... ዞረች። ያለምንም ድምፅ፣ ያለምንም መንገጫገጭ። እንደገና አዞረቻት፣ ዞረች። ወደ አስፋልቱ መለሰቻት፣ አልዞር አለች። ልጅቷ ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። «እማ፣ ካምቢዮ ቢያልቅ ጠጠርና አስፋልት ይለያል እንዴ?» አለችኝ። እኔ ምን አውቄ? ዓይኗ ግን ያኔ ነው የበራው። አባቷ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

አስረዳችኝ፣ በእጇ እያሳየች። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማና የኋላ ጎማ እኩል መንገድ አይሄዱም፤ የፊቶቹ ሰፋ አድርገው ነው የሚዞሩት። መሃላቸው ላይ ልዩነታቸውን የሚያቻችል ማርሽ አለ። ጭቃ ውስጥ ስትገቢ ያንን ማርሽ ትቆልፊዋለሽ፣ አራቱም ጎማ አብሮ እንዲጎትት። ደረቅ አስፋልት ላይ ተቆልፎ ከቀረ ግን ጎማዎቹ እርስ በርስ ይታገላሉ፣ መኪናዋ አልዞርም ትላለች። ጠጠር ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ትግሉ አይሰማሽም። «ታዲያ ተቆልፎ ቀርቶ ይሆናል» አልኳት። «መብራቱ አይበራም እኮ እማ» አለች። ሲቆለፍ ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራ ትንሽ መብራት አለች። ማብሪያና ማጥፊያውንም ተጭናዋለች፤ ብትጫነውም ባትጫነውም ያው ነው። ስለዚህ ያልተቆለፈ መስሏት ነበር። ማንስ ቢሆን መብራት ይዋሻል ብሎ ይጠረጥራል? እኛ ሰው እንኳ ይዋሻል ብለን አልጠረጠርን...

ወደ አቃቂ መንገድ ላይ ያለው ጋራዥ ወሰደቻት፣ ፊሮምሳ ጋ። ታውቂው የለ፣ የናንተው አገር ልጅ፣ መካኒኩ። መጀመሪያ አራቱንም ጎማ አዩ፤ ልካቸውም ያለቁበት መጠንም እኩል ነው። ከዚያ ካምቢዮውን ነፃ አድርገው አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አነሱት። የመሃሉ ማርሽ ያልተቆለፈ ቢሆን ያ ጎማ በእጅ ሲገፉት ቀስ ብሎ መዞር ነበረበት። ኢሽራቅ ገፋችው፣ እንቢ። ፊሮምሳ ገፋው፣ እንቢ። ልጁ ከሥሯ ገባና ብዙ ቆየ። ሲወጣ ምን አለ መሰለሽ? «ይቺ መኪና ጤነኛ ናት። የታሰረች ናት እንጂ።»

እኔ ማረሚያ ቤት ደጃፍ የምነግድ ሴት፣ ስንት የታሰረ ሰው ጠያቂ ሳስተናግድ ስውል፣ የራሴ መኪና ደጄ ላይ ያለ ክስ ታስራ አላወቅሁም።

ከሥር ያንን ቁልፍ የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ ሞተር አለች አሉ። የኤሌክትሪክ ሶኬቷ ተነቅላለች። በንዝረት ወልቃ ይሆናል እንዳትይ፤ ከተነቀለች በኋላ እንዳትንጠለጠል በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥብቅ ተደርጋ፣ ትርፉ ተቆርጦ... እንዴት ያለ ጥንቁቅ እጅ ነው ዳሲቱ። ከዚያ ዳሽቦርዱን ፈቱት። የዚያች መብራት አምፖል ተቃጥላ ቢሆን ቦታዋ ላይ በተገኘች። ቦታው ባዶ ነው። ሌሎቹ ሁሉ አሉ፣ እሷ ብቻ የለችም። አምፖል ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ትወጣለች መሰለኝ፣ ብቻዋን፣ በእግሯ፣ ዳሽቦርድ ፈትታ፣ መልሳ አጥብቃ... እኔ ማንንም አልጠረጥርም።

ሶኬቷን ሰኩ፣ አምፖል አስገቡ። ኢሽራቅ ማጥፊያውን ተጭና ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ ስትላት ከሥር ቀጭ አለና መብራቷ ጠፋች። ጋራዡ በር ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዛ ዞረች። በዝግታ። ፊሮምሳ እንደነገረኝ ልጅቷ ሞተሩን አጥፍታ መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ እሱም ሥራ ያለው መስሎ ወደ ውስጥ ገባ። አላህ ይስጠው፣ የሰው ልጅ ነው።

ከልቤ ነው የምልሽ፣ ያኔም ክፉ አላሰብኩም። ጭቃው ላይ ቆልፈው ረስተውት ይሆናል፣ ሲያጥቡ አጣቢው ነክቶት ይሆናል እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። እንዲያውም ትልቁ ሰው መዳኗን ሲሰሙ ይደሰታሉ ብዬ ልደውልላቸው ነበር። ስልኩን ይዤ እያለሁ ነው አንድ ሰው ሱቄ የገባው። ፈርሃት ይባላል፣ ቱሉ ዲምቱ እህል ይነግዳል፣ ጨዋ ሰው። «የመኪናዋ ባለቤት ሚስት እርስዎ ነዎት? ልገዛት ተስማምቻለሁ፣ አንድ ጊዜ ደግሜ ልያት ብዬ ነው» አለኝ። የትኛዋን መኪና ብለው፣ የኛኑ። ደጃፍ ላይ ለማስታወሻ ልትቆም የነበረችውን። «ሻጩ አጎት ሐቀኛ ሰው ናቸው» አለኝ። «መታጠፊያ ላይ ብትይዝህ አትደንግጥ፣ ከሥር አንዲት ሶኬት አለች፣ እሷን መልሰህ ስካት፣ ሌላ ምንም እንከን የላትም ብለው ነግረውኛል።»

አየሽ ሐቀኝነት? ለባዕድ ሰው እንኳ አንድ ነገር አልደበቁም። እውነቱን ሁሉ ዘርዝረው ነገሩት። ለኛ ብቻ ነው ያልነገሩን፣ ቤተሰብ ስለሆንን ይሆናል... ቤተሰብን ማስጨነቅ አይወዱም። ለፈርሃት ለስላሳ ከፍቼ ሰጠሁት፣ አመሰገንኩት፣ መኪናዋ አትሸጥም አልኩት። ሰውዬው ነገሩ ሲገባው ፊቱ ቀላ። ይቅርታ ጠይቆኝ ሄደ። የማያውቀው ሰው አፈረልን።

አየሽ ዳሲቱ፣ ትልቁ ሰው ዘመዱን ሁሉ አዙረውት ነበር። እኔን አዞሩኝ፣ አክስታችንን አዞሯት፣ ልጄን ከገዛ አባቷ መኪና አዞሯት። አልዞርም ያለቻቸው እሷ ብቻ ነበረች። እሷም ብትሆን አስረዋት ነው።

ምን አደረግሽ ትይኛለሽ? ምንም። ለዚያች አክስታችንና ለዘመዶቹ ደውዬ ፈርሃት ያለውን ቃል በቃል ነገርኳቸው፤ ከራሴ የጨመርኩት የለም። ጠዋት ልጆቹ ወደ ኢሽራቅ ተመልሰዋል፣ ወላጆቻቸው ራሳቸው ናቸው የመጡት። ለትልቁ ሰው ግን አልደወልኩም። ዛሬ ቁልፉን ሊወስዱ እንደሚመጡ ቀጠሮ ነበራቸው፤ የሰው ቀጠሮ ለምን አበላሻለሁ? ይምጡ፣ ሻይ ይጠጡ፣ ይቀመጡ አልኩ። ሶፋው የሳቸው ነው።

ይኸው ክላክስ ነፋች፣ ኢሽራቅ ናት። በመስኮቱ እያት፣ ከበሩ ስትታጠፍ... አየሽ? መሪውን በአንድ እጇ ነው የያዘችው። አባቷም እንዲያ ነበር የሚይዘው።

ጋሼ፣ ምነው ተነሱ? ሻይዎን እንኳ አልጨረሱም። ስልክዎን ሶፋው ላይ ረስተውታል... ይኸው። ቁልፉ? ቁልፉማ መኪናዋ ላይ ነው፣ እሷ ጋ። ታድርስዎት፣ ከፊት ይቀመጡ። በዝግታ ነው የምትነዳ፣ አይፍሩ። በሚኒባስ ይሻለኛል አሉ? እንደወደዱ። ወንበሩ ጠባብ ቢሆንም ማንም አያውቅዎትም።

እንዲሁ አይሄዱም፣ ልመርቅዎ እንጂ። ለኛ ይህን ሁሉ የደከሙ ሰው ሳይመረቁ ቢወጡ ዳሲቱስ ምን ትለኛለች? አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ ጋሼ። ቤትዎን ይሙላልዎ፣ ልጆችዎን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልዎ። ቀንዎ ሲደርስ ደግሞ... ለሁላችንም የማይቀር ነው... ያን ጊዜ ልጆችዎ ብቻቸውን አይቅሩ። አላህ ልክ እንደ እርስዎ ያለ አጎት ይስጣቸው።

አሜን ይበሉ እንጂ፣ ጋሼ።